ከቦርከና በታች አሳይታ አለች

ግልጽ ደብዳቤ
ይድረስ ለደሴና ለኮምቦልቻ ከተማ አስተዳደሮች፣ በቦርከና ዳር ፋብሪካ ለምትመሩ ሁሉ፣ ወንዙን በየቀኑ ለምንሻገረው ለእኛ ለነዋሪዎቹም

የተከበራችሁ ወገኖቼ፦

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለአንዲት ሴት የሰጠኋትን የሐሰት መልስ ለማረም ነው። ጊዜው ኅዳር 2014፣ ቦታው አሳይታ ነበር። ስለ ወንዛችን ስለ ቦርከና ጠየቀችኝ። "ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ" አልኳት። ደህና አልነበረም፤ ዛሬም ደህና አይደለም። በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ መልስ ከጨዋነት ይቆጠራል፤ የታመመ ሰው እንኳ ሲጠየቅ ደህና ነኝ ይላል። በአፋሮች ዘንድ ግን ስለ ውኃ ተጠይቆ መዋሸት ከባድ በደል ነው። ምክንያቱን እመጣበታለሁ። ከዚያ በፊት ስለ አሳይታ ላውጋችሁ፤ ብዙዎቻችሁ በስም እንጂ በዓይን አታውቋትምና።

በ1975 ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ ስመደብ ዕጣዬ አሳይታ ሆነ። ዕድሜዬ 22 ነበር። እናቴ በሶ ቋጥራ፣ አጎበር ገዝታ እስከ መናኸሪያ ሸኘችኝ። ያን ጊዜ አሳይታ በወሎ ክፍለ ሀገር የአውሳ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። ደመወዛችንም፣ የዝውውር ደብዳቤያችንም፣ የፈተና ወረቀታችንም የሚወርደው ከደሴ ነው። ይህን ለዛሬ ወጣቶች ስነግራቸው ይገርማቸዋል። ካርታው ወሎንና አፋርን ከለያየ በኋላ የተወለዱ ናቸውና አይፈረድባቸውም።

መንገዱ ጣሊያን ወደ አሰብ የዘረጋው ነው። ከኮምቦልቻ ተነስቶ በባቲ በኩል ቁልቁል ይወርዳል። ሰኞ ቀን ከሆነ ባቲ ላይ ደገኛው በእህሉ፣ አፋሩ በግመሉና በፍየሉ ሲገበያይ አይተህ ታልፋለህ። ከዚያ ሙቀቱ ደረጃ በደረጃ ይጨምራል። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር በላይ ነች፤ አሳይታ 400 ሜትር እንኳ አትሞላም። ከሚሌና ከሎጊያ በኋላ የቀረው ጥቁር ድንጋይ፣ አቧራና በሩቅ የሚንቀጠቀጥ አየር ብቻ ነው። አጠገቤ የተቀመጠው ገበሬ፣ ለጥጥ ለቀማ የሚወርድ የወረባቦ ሰው፣ "እዚህ ምን በቅሎ ነው የሚለቀም?" ብሎ ጠየቀኝ። እኔም አላውቅም ነበር። ከዚያ ድንገት አረንጓዴ ሆነ። ጥጥ፣ በቆሎ፣ የቴምር ዛፍ፣ ዘንባባ፣ በቦዮቹ ዳር የቆሙ ሳቢሳዎች። ከተማዋ ከአፋፍ ላይ ተቀምጣ አዋሽን ቁልቁል ታያለች።

እዚያ የሚጥለው ዝናብ በቆሎ ቀርቶ ሣር በቅጡ አያበቅልም። አረንጓዴው ሁሉ የመጣው ከሌላ ሰው ዝናብ ነው። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ በመንገዱ ላይ ከወሎ ተራሮች የሚወርዱትን ቦርከናን፣ ሚሌን፣ ሎጊያን ይቀበላል። ደሴ ላይ በሐምሌ ጦሳ በጉም ተሸፍኖ ሲያስገመግም፣ ያ ውኃ ወደ አሳይታ ጉዞ ጀምሯል ማለት ነው።

ይህን ያስተማረችኝ የተከራየሁበት ቤት ባለቤት ናት። ሁላችንም ኢና እንላት ነበር፤ በአፋርኛ እናት ማለት ነው። ማታ ማታ ከአዋሽ የተቀዳውን ውኃ በትልቅ ማድጋ ትሞላለች። ክረምት ላይ ውኃው ቡናማ ነው፤ ጣትህን ብትከትበት አይታይህም። ማድጋው ሌሊቱን ሳይነካ ያድራል። ጎሕ ሲቀድ፣ ሙቀቱ ሳይነሣ፣ ማድጋውን በሁለት እጇ አዘንብላ ላይ ላዩን ወደ ሌላ ዕቃ ታንቆረቁረዋለች፤ እጇ አይንቀጠቀጥም፣ ጠብታ አይደፈርስም። የጠራውን ውኃ ከጨረሰች በኋላ ከማድጋው ሥር የተኛውን ደለል በመዳፏ ትዝቃለች። አንድ ቀን ያንን ለስላሳ ጭቃ ወደ እኔ ዘርግታ "መምህር፣ ይኸው አገርህ" አለችኝ። ስቃ ነበር የተናገረችው፤ ነገሩ ግን እውነት ነው። ያ ጭቃ ከኩታበር፣ ከቃሉ፣ ከተሁለደሬ፣ ከአምባሰል ማሳ ታጥቦ የወረደ አፈር ነበር። ከዚያ ወዲህ ክረምት በመጣ ቁጥር መዳፏን እያየች ደጋ ላይ መዝነቡን ትነግረኝ ነበር። ከቤተሰቤ ደብዳቤ ሳይደርሰኝ የአገሬን ክረምት ከማድጋው ሥር አውቀዋለሁ።

አውሳ የጥንት መንበር ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1577 ኢማም ሙሐመድ ጋሳ የሐረርን መንበር ያዛወረው ወደዚህ ነው፤ በኋላም የሙዳይቶ ሱልጣኖች ገዝተውታል። በእኛ አቆጣጠር በ1926 እንግሊዛዊው ወጣት ዊልፍሬድ ቴሲጀር በሱልጣን መሐመድ ያዮ ፈቃድ አውሳን አቋርጦ አዋሽ የት እንደሚገባ በዓይኑ አየ። ወንዙ ከአሳይታ አልፎ በገማሪና በአፋምቦ ሐይቆች አድርጎ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ውስጥ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ መውጫ የለውም። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ የደብዳቤዬ ፍሬ ነገር እሷ ላይ ነው።

የአሳይታን የቅርብ ዘመን ታሪክ ብዙ ሰው የሱልጣንና የመንግሥት ታሪክ አድርጎ ይተርከዋል። እኔ እዚያ ሦስት ዓመት ኖሬ የተረዳሁት ግን ውኃውን ከላይ የያዘ ሁሉ የታችኛውን ሰው ዕጣ ሲወስን የኖረበት ታሪክ መሆኑን ነው። በ1952 ቆቃ ላይ ግድብ ተሠራ። በ1950ዎቹ የእንግሊዙ ሚቸል ኮትስ ኩባንያ ተንዳሆ ላይ ሰፊ የጥጥ እርሻ ከፈተ፤ ሱልጣን አሊሚራህ ሐንፈሬም የአውሳን ሰው በጥጥ ልማት አሰማሩ። ከተማዋ ገንዘብ አየች፤ የጭነት መኪና፣ ሱቅ፣ ሰፋፊ የፎቅ በረንዳ ያላቸው ቤቶች መጡ። ነገር ግን ጥጥ የተዘራበት የወንዝ ዳር ቀደም ሲል ባዶ መሬት አልነበረም። አርብቶ አደሩ በጋ ሲጠናበት ከብቱን ይዞ የሚሸሽበት የመጨረሻው ሣር ነበር። በ1965 ዝናቡ ሲቀር ያ ሣር በቦታው አልነበረም።

ያን ዓመት እኔ የ12 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ኮምቦልቻ መንገድ ዳር፣ ከባቲ በኩል በእግራቸው የመጡ አፋሮች ተቀምጠው አይቻለሁ። አንድ ሰው ጊሌውን፣ የአፋሮችን ጩቤ፣ በወገቡ እንደታጠቀ፣ ከብት ሳይኖረው የከብት መንጃ በትሩን እንደያዘ፣ አስፋልቱን ሲመለከት ትዝ ይለኛል። አባቴ ዳቦ ሰጠው፤ ተቀብሎ ለአጠገቡ ልጅ አሳለፈው። በልጅነቴ የበረሃ ሰው የተራበው በረሃ ስለሚኖር ይመስለኝ ነበር። ወንዝ ዳር የኖረ ሰው ለምን እንደተራበ የገባኝ ከአሥር ዓመት በኋላ ተንዳሆ ላይ የጥጡን ማሳ ዳር እስከ ዳር ሳይ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። ብዙ ወር ሳይቆይ ሱልጣኑ ወደ ጅቡቲ ተሰደዱ፤ አሳይታ ደም ፈሰሰባት፤ እርሻው የመንግሥት ሆነ። እኔ በደረስኩበት ጊዜ ስማቸው የሚጠራው በሹክሹክታ ነበር። ተማሪዎቼ በለቀማ ወራት ከክፍል ይጠፋሉ። በ1977፣ ወሎ በተራበበት በዚያ ክፉ ዓመት፣ ከደጋ የወረደው ሰው ብዛት ከከተማው ሰው በለጠ። ኢና ማድጋዋን በቀን ሁለት ጊዜ ትሞላ ጀመር፤ "የአገርህ ሰው ነው፣ ውኃ እንዴት ይከለከላል" ትል ነበር።

ሱልጣኑ በ1983 ተመለሱ። የአፋር ክልል ሲመሠረት አሳይታ ርዕሰ ከተማው ሆነች፤ ይህም አሥራ ምናምን ዓመት ቆየ። ቀጥሎ ሎጊያ አጠገብ፣ በዋናው የጅቡቲ መንገድ ላይ፣ በባዶ ሜዳ ሰመራ ተቆረቆረችና ቢሮዎቹ ተጓዙ። ቢሮ ሲሄድ ምግብ ቤቱም፣ አልጋ ቤቱም፣ ባለ ታይፕራይተሩም አብሮ ይሄዳል። የ1990ው ጦርነት የአሰብን መንገድ ዘግቶ መኪናውን ሁሉ ወደ ጅቡቲ ሲያዞረው ኮምቦልቻችንም ተጎድታለች፤ እኛ ግን ፋብሪካ ነበረን። ከዋናው መንገድ ገባ ብላ የቀረችው አሳይታ የቀራት ወንዙ ነው።

ወንዙም ቢሆን እንደ ድሮው አልቀረላትም። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ወደ 1.9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዘው የተንዳሆ ግድብ ተሠራ፤ ጥጥ የነበረው መሬት ለሸንኮራ አገዳ ዋለ፤ ስኳሩም የተወራለትን ያህል አልሄደም። አፋሮች "ደርጊ ሀራ"፣ የደርግ ዛፍ፣ የሚሉት እሾሃማ የፕሮሶፒስ ቁጥቋጦ ሣሩንና የወንዙን ዳር ወረረ። ከኤርትራ የተሰደዱ አፋሮች በአሳይታ መጠለያ አገኙ። በ2012 ክረምት ደግሞ አዋሽ ሞልቶ አሳይታን፣ ዱብቲንና አፋምቦን አጥለቀለቀ፤ ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ ወጣ። የዚያ ጎርፍ ጥቂት የማይባል ክፍል የእኛው ተራሮች ዝናብ ነበር።

አሁን ወደ ውሸቴ ልመለስ።

በጥቅምት 2014 ማብቂያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ባለቤቴንና ሁለት የልጅ ልጆቼን ይዤ በአንድ አይሱዙ ላይ ተሳፍሬ በባቲ በኩል ወረድኩ። የት እንደምሄድ ያሰብኩት መኪናው ላይ ከወጣሁ በኋላ ነው። ሰመራ ስንደርስ እግሬ ወደ አሳይታ መራኝ። ኢና ከሞተች ቆይታለች። ልጇ፣ አራተኛ ክፍል ያስተማርኳት፣ አሁን የልጅ ልጅ ያላት ሴት፣ በሯ ላይ ቆማ ገና በድምፄ አወቀችኝ። አምስት ሳምንት አኖረችን። ምን ላስቀምጥ፣ ምን ላውጣ ብላ አልጠየቀችም።

በሦስተኛው ቀን፣ ድካማችን በረድ ሲል፣ ግቢው ውስጥ ተቀምጣ ዳጉ ጠየቀችኝ። ዳጉን ለማታውቁ፦ ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ወሬ ይለዋወጣሉ። አገሩ ሰላም ነው ወይ፣ ዝናቡ የት ጣለ፣ ሣሩ እንዴት ነው፣ ወንዙ ምን ያህል ነው። የሰማ ሰው ለሚቀጥለው የማድረስ ግዴታ አለበት። በዳጉ የሚዋሽ ሰው ወንድሙን ከነከብቱ ውኃ ወደሌለበት ይልካል፤ ስለዚህ ዋሾ ሆኖ የተገኘ ሰው ዳግመኛ አይታመንም። እሷም በወጉ ጀመረች። ስለ ሰላሙ ጠየቀችኝ፤ የማውቀውን ነገርኳት። ስለ ቤተሰብ፣ ስለ እህሉ ጠየቀችኝ፤ መለስኩ። ከዚያ ስለ ዘመድ እንደሚጠየቅ ሁሉ "መምህር፣ የእናንተ ወንዝስ ደህና ነው ወይ?" አለች። ይህን ስትል አጠገቧ ባለው ጀሪካን ውስጥ ከቦይ የተቀዳ ውኃ ነበር። የቧንቧ ውኃ በከተማው አለ፤ ያን ሰሞን ግን ተቋርጦ ነበር። የልጅ ልጄ ከዚያ ጀሪካን ጠጥታ ገና ኩባያውን አላስቀመጠችም። እኔም ደህና ነው አልኩ።

ያልነገርኳትን ለእናንተ ልንገራችሁ፤ ለእናንተ አዲስ ባይሆንም። ቦርከና ከኩታበር በኩል መጥቶ ደሴን ሲያቋርጥ የከተማው ቱቦና የቆሻሻ መጣያ ሆኖ ያልፋል። ፌስታሉ፣ የሞተው ውሻ፣ የሽንት ቤቱ ፍሳሽ፣ የጋራዡ ዘይት የሚሄደው ወደዚያ ነው። በዶሮ መዝለያ ሥር ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደርስ ደግሞ በከተማችን መካከል የሚያልፉት ለዮሌና ወርካ ወንዞች የፋብሪካውን ፍሳሽ ይዘው ይቀላቀሉታል። በእነዚህ ሁለት ወንዞች ላይ ምርምር ያደረጉ ሰዎች በውኃውና በደለሉ ውስጥ ክሮሚየምና ዚንክን የመሰሉ ከባድ ብረቶች ማግኘታቸውን ጽፈዋል። ክሮሚየም ከቆዳ ማልፋት፣ ዚንክ ከብረት ሥራ የሚመጣ ነው። እኛ በልጅነታችን ከትምህርት ቤት መልስ ልብሳችንን ድንጋይ ላይ አስቀምጠን የምንዋኝበት ወንዝ ዛሬ በአንዳንድ ቀን ሰማያዊ፣ በአንዳንድ ቀን አረፋማ ሆኖ ይታያል። ሌሊት ድልድዩ ላይ የቆመ ሰው ሽታው ሲቀየር ያውቃል።

ከስደት ተመልሼ ቤቴን ካስተካከልኩ በኋላ ሁለት ጠርሙስ ውኃ ቀዳሁ። አንዱን ከከተማው በላይ፣ ሌላውን ከከተማው በታች። ኢና እንዳስተማረችኝ ሳልነካቸው መስኮት ላይ አቆየኋቸው። የላይኛው በማግሥቱ ጠራ፤ ከሥሩ ቡናማ አፈር ተኛ፤ የማውቀው የአገሬ ጭቃ። የታችኛው ሦስት ሳምንት ቆይቶም አልጠራም። ከላዩ ቅባት ያዘ፤ ጠርሙሱ አንገት ላይ ግራጫ ቀለበት ሠራ፤ ቡሹን ስከፍተው የልጅ ልጄ አፍንጫዋን ይዛ ከክፍሉ ወጣች። ሁለቱንም ጠርሙሶች በፌስታል ይዤ ወደ አንድ ቢሮ ሄድኩ። ስሙን አልጠራም፤ የሰው ፊት ማጥቆር ፍላጎቴ አይደለም። ኃላፊው በትሕትና አስተናገዱኝ። ጠርሙሶቹን አዩ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያ "መምህር፣ ከወሰናችን ከወጣ በኋላ እኮ የሌላ አካል ጉዳይ ነው" አሉኝ።

ይህች "ከወሰናችን ከወጣ በኋላ" የምትል ቃል እንቅልፍ የነሳችኝ ናት። ከወሰናችን ሲወጣ የት ይደርሳል? መጀመሪያ የሚደርሰው ከሚሴ አጠገብ ወዳለው ወደ ጨፋ ነው። ጨፋ ላይ ኦሮሞው፣ አማራው፣ አፋሩ በበጋ ከብቱን የሚያጠጣበትና የሚያግጥበት ረግረግ አለ፤ ረግረጉ አቅሙ የፈቀደውን ያህል ያጣራልናል፤ ዋጋውን የሚከፍሉት ግን እዚያ የሚጠጡት ላሞች ናቸው። ከዚያ አዋሽ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ተንዳሆ። ግድቡ ደለሉን ከፊል ይይዝ ይሆናል፤ ነገር ግን ግድብ ማስቀመጫ እንጂ ማጣሪያ አይደለም። ከግድቡ የተለቀቀው ቀጥሎ የሚሄደው ወደ አሳይታ ቦዮች ነው።

ሌላ ወንዝ ቢሆን ኖሮ ባሕር ይገባ ነበር። የዓባይ ክፉም ደግም በመጨረሻ ባሕር ይውጠዋል። አዋሽ ግን ባሕር የለውም። አሳይታና አቤ ሐይቅ ላይ ፀሐይ የምትወስደው ንጹሑን ውኃ ብቻ ነው፤ ጨዉን፣ ብረቱን፣ ኬሚካሉን ትታው ትሄዳለች። ዘንድሮ የለቀቅነው ከአምና ላይ፣ አምና የለቀቅነው ከካቻምና ላይ ይደረባል። በአዋሽ መስኖ የሚለሙ መሬቶች በጨው እየተበላሹ መሆናቸው የታወቀ ነው። ኮምቦልቻ ላይ በአንድ ሌሊት ቱቦ ከፍቶ የሚለቅ ሰው ውኃው ሄዶ የሚጠፋ ይመስለዋል። ጠፍቶ የሚያልቅበት ቦታ የለውም። የሚቀመጥበት ቦታ ነው ያለው፤ ቦታውም የሰው ቤት ነው።

የአዋሽ በደል ሁሉ የእኛ ነው እያልኩ አይደለም። ከአዲስ አበባ በአቃቂ፣ ከሞጆ በቆዳ ፋብሪካዎች በኩል የሚወርደው ከእኛ እንደሚበልጥ አውቃለሁ። እነርሱንም የሚጠይቅ ሰው ይኑር፤ እኔ የምጠይቀው ደጄን ነው። ፋብሪካ ይዘጋ የሚልም ሐሳብ የለኝም። ልጄ የሚሠራው ፋብሪካ ነው፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩ በሐምሌ 2009 ሲመረቅ ከጎረቤቶቼ ጋር ሄጄ ያጨበጨብኩ ሰው ነኝ። በጦርነቱ የተዘረፉት ፋብሪካዎች ተመልሰው ጢሳቸው ሲታይ ዓይኔ እንባ አቅርሯል። ከእንጀራው ጋር ጠብ የለኝም። ማጣሪያ የሌለው፣ ወይም ማጣሪያ እያለው ለመብራትና ለኬሚካል ወጪ ሲል ሌሊት የሚያጠፋ ሰው ግን እንጀራውን በሌላ ሰው ማድጋ እየጋገረ ነው።

ሕጉ አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 በንጹሕና ጤናማ አካባቢ መኖርን የሁሉም ሰው መብት ያደርገዋል፤ ሁሉም ሰው ሲል የአሳይታን ሰው ይጨምራል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል። አዲስ ሕግ አልጠይቅም።

የምለምናችሁ ይህን ነው። የለዮሌን፣ የወርካንና የቦርከናን ውኃ በየሦስት ወሩ አስመርምሩ፤ ናሙናው ቀን ብቻ ሳይሆን ሌሊትም ይቀዳ፤ ናሙና ቀጂው መቼ እንደሚመጣ ፋብሪካው አስቀድሞ አይወቅ። ውጤቱን በመሳቢያ አትቆልፉት። ደሴ ሰኞ ገበያ፣ ኮምቦልቻ መናኸሪያ፣ ከሚሴ፣ ባቲ፣ ከዚያም አሳይታ ወንዝ ዳር በሰሌዳ ይለጠፍ፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በአፋርኛ ይጻፍ። ሰው የሚጠጣውን ነገር በራሱ ቋንቋ ማንበብ አለበት። ደሴ ላይ ቆሻሻ የሚጣልባቸው የወንዝ ዳርቻዎች ይታጠሩ፤ ለቆሻሻ የሚሆን ሌላ ቦታ ሳይዘጋጅ ግን መታጠሩ ሰውየውን ጥቂት ሜትር ወደ ታች ከመውሰድ አያልፍም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ቦታው ይዘጋጅ።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ስለ ቦርከና በምትሰበሰቡበት አዳራሽ ከአሳይታና ከጨፋ የመጡ ሰዎች ይቀመጡ። የክብር እንግዳ አድርጋችሁ ሻይ አጠጥታችሁ አትሸኟቸው፤ ቃል ይኑራቸው። ለመንገዱ አንድ ቀን ይበቃል፤ አውቶቡስ አለ። በ1977 እነርሱ ከማድጋቸው አጠጥተውናል፤ በ2014 ቤታቸውን ከፍተው አስገብተውናል። አንድ ወንበር ከእኛ አይበዛባቸውም።

ለመምህራን ጓደኞቼም አንድ ነገር ላክል። ስለ አዋሽ ስታስተምሩ ጣታችሁን ካርታው ላይ ከጊንጪ አንስታችሁ አሳይታ ድረስ ትወስዳላችሁ። አንድ ቀን ጣታችሁን ከትምህርት ቤታችሁ በር ጀምሩ። ልጆቹን አስከትላችሁ ድልድዩ ላይ ውጡ፤ ሁለት ጠርሙስ አስይዟቸው፤ መስኮት ላይ ያስቀምጡት። ሌላው ማስተማሪያ ራሱ ይመጣል።

ኢና ያረፈችው ከአፋፉ ሥር፣ አዋሽ በሚታይበት ቦታ ነው። ልጇ ባለፈው ወር ስልክ ደወለች። የልጅ ልጇ እንደ ተዳረች፣ ጥር ላይ ከባለቤቴ ጋር ብንወርድ ደስ እንደሚላት ነገረችኝ። እንመጣለን አልኳት። ባለቤቴ ከአሁኑ ከርቤና ቡና እየገዛች ነው። አውቶቡሱ ኮምቦልቻን በማለዳ ይለቃል፤ ማምሻውን አሳይታ እንሆናለን። ራቱ፣ ወተቱ፣ ሰላምታው ካለቀ በኋላ ግቢው ውስጥ ታስቀምጠኝና ዳጉ ትጠይቀኛለች። ሰላሙን ትጠይቃለች፣ ዝናቡን ትጠይቃለች፣ ከዚያ ወንዙን ትጠይቃለች። በኅዳር 2014 የነገርኳት ሐሰት እንደነበረ መጀመሪያ እነግራታለሁ። ቀጥሎ የምነግራትን ከእናንተ እየጠበቅሁ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ መምህር፣ ኮምቦልቻ